መቅኔ ፍለጋ

ባለፈው ጊዜ ጎንደር በሄድኩበት ሰሞን፣ ፒያሳ ከአንዲት ጠባብ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና እየተንፏቀቀች መጣች። በጎኗ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ በትልቅ ሸራ ታትሞ ተወጥሯል። ከላይ አንዲት ልጅ ድምፅ ማጉያ ይዛ ቆማለች። «የደም ካንሰር ነው! ሐኪሞች ውጭ አገር ሄዶ መቅኔ እንዲተከልለት ወስነዋል! ወገን ድረሱልን!» እያለች ትጣራለች። አላፊ አግዳሚው ብር ይወረውራል፤ ከመኪናው ኋላ የሚከተሉት ልጆች በጨርቅ ይቀበላሉ።

አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። መኪናዋ ካለፈች በኋላ ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ትመስላለህ። መቅኔ ደግሞ እንዴት አድርጎ ይተከላል? ችግኝ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እኔም በደንብ አላውቀውም አባባ» ብዬ ሸሸሁ። ጥያቄው ግን አዲስ አበባ ድረስ ተከተለኝ። ይኸውና ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ።

ለነገሩ መቅኔ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ፍሬ ያላፈራ፣ ያልሰመረለትን ሰው «መቅኖ ቢስ» እንለዋለን። የዘር ነገር ሲነሣ ደግሞ አጥንት እንቆጥራለን፤ «አጥንቱ ከማን ይመዘዛል?» እንላለን። አባቶቻችን የሰውን ልጅ ማንነት በአጥንቱ ውስጥ ሲፈልጉ ኖረው፣ ሳይንስ ዘግይቶ መጥቶ አጥንቱን ሲከፍት፣ እውነትም ደሙ የሚሠራው እዚያ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ቀዩም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም ሕዋስ ሁሉ የሚወለደው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚገኙ ጥቂት እናት ሕዋሳት ነው። ግንደ ሕዋስ ይሏቸዋል።

የደም ካንሰር ማለት ይህ የደም ማሳ በአረም ሲወረር ነው። አረሙን በመድኃኒት መንቀል ይቻላል። ክፉ ሲሆን ግን አረሙን የሚያጠፋው የመድኃኒት መጠን ማሳውንም አብሮ ያጠፋዋል፤ መቅኔው ደርቆ የቀረ ሰው ደግሞ አይኖርም። እንግዲህ የንቅለ ተከላው ሐሳብ፣ ማሳውን እስከ መጨረሻው አቃጥሎ ከሌላ ሰው በመጣ ዘር እንደገና መዝራት ነው። ሽማግሌው «ችግኝ ነው እንዴ?» ማለታቸው ስለዚህ ከእውነቱ የራቀ አልነበረም። የሚገርመው አተካከሉ ነው። ቢላዋ የለም። የለጋሹ መቅኔ ልክ እንደ ደም በክንድ ወይም በደረት ሥር በኩል ይንጠባጠባል፤ ሕዋሳቱ መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው አጥንት ውስጥ ገብተው ይሰፍራሉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ማቆጥቆጥ ይጀምራሉ። የታማሚው የደም ዓይነት ሳይቀር ወደ ለጋሹ ይለወጣል። እኅቱ የለገሰችው ወንድም በደሙ ውስጥ የሴት ዘረ መል ይዞ ይኖራል።

ይህ ዕውቀት የመጣው ከጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ ቦምብ ከወደቀ በኋላ፣ ከእሳቱ ያመለጡ ሰዎች ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ደም እየፈሰሳቸውና በኢንፌክሽን እየተቃጠሉ ሲሞቱ ታየ። ጨረሩ የገደለው መቅኔያቸውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ሊዮን ጃኮብሰን የሚባል የቺካጎ ተመራማሪ የአይጦችን ጣፊያ በእርሳስ ሸፍኖ የቀረውን አካላቸውን በጨረር ቢመታ አይጦቹ ዳኑ። ጣፊያ ለእኛ አገር ቆለኛ በወባ የሚያብጥ ጉድ ነው፤ ለአይጥ ግን ደም መሥሪያም ጭምር ነውና ከሞት አተረፋት።

ከዚያ ወዲያ ዶናል ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በኒውዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራውን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ስድስት ሕመምተኞች ከሌላ ሰው መቅኔ እንደተቀበሉ ጽፎ አሳተመ። ከስድስቱ አንዳቸውም 100 ቀን አልተሻገሩም። በተከታዩ ዓመት፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቪንቻ በተባለ የኒውክሌር ምርምር ተቋም አደጋ ደርሶ ስድስት ሰዎች በጨረር ተመቱ። ፓሪስ ተወስደው ዦርዥ ማቴ የተባለው ሐኪም ለአምስቱ፣ ዘመድ ካልሆኗቸው ፈረንሳዮች የተወሰደ መቅኔ ሰጣቸው። ከአምስቱ አንዱ ሞተ፤ አራቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። መቅኔው በእርግጥ ይዞላቸው ነው ወይስ የራሳቸው አገግሞ ነው የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ቢቀርም፣ ያላወቁትን ባዕድ ለማዳን አጥንታቸውን ያስወጉት ፈረንሳዮች ነገር ግን ለክርክር የሚቀርብ አይደለም።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፓሪስ፣ ዣን ዶሴ የቁልፉን ምስጢር አገኘ። የእያንዳንዱ ሰው ሕዋስ ላይ «ይህ የቤት ሰው ነው፤ ይህ ባዕድ ነው» የሚያሰኝ ምልክት አለ። ኤች ኤል ኤ ይባላል። ምልክቱ ካልገጠመ የሚሆነው ከኩላሊት ንቅለ ተከላ የከፋ ነው፤ ኩላሊት ሲሆን ባለቤቱ እንግዳውን ያባርራል፤ መቅኔ ሲሆን ግን እንግዳው ባለቤቱን ያባርራል። አዲሱ መቅኔ የሚሠራቸው የጦር ሕዋሳት የታማሚውን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ጠላት ይወጉታል። በ1960ዎቹ ብዙ ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ሥራውን ተዉት። ቶማስ ግን ሲያትል ሄዶ በውሾች ላይ ምርምሩን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሌላ ሕክምና ሁሉ የከዳቸው 100 የደም ካንሰር ሕመምተኞችን ውጤት ሲያቀርብ 13ቱ በሕይወት ነበሩ። ከመቶ 13! ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ያኔ ግን መቶውም መሞታቸው የተቆረጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

አሁን ወደ ጎንደር ደጋ ልመለስ፤ ነገሩ የኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ ወንድም ወይም እኅት የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ለዚህም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች መሆን አለባቸው። ሁለት እኅትና ወንድም ያለው የአውሮፓ ሰው ከመካከላቸው የሚገጥም የማግኘት ዕድሉ 44 በመቶ ብቻ ነው። ስድስት ወንድምና እኅት ያለው የወገራ ወይም የደባርቅ ገበሬ ልጅ ግን ዕድሉ 82 በመቶ ይደርሳል። ድህነታችንን ስንቆጥር «ልጅ ያበዛሉ» የሚሉን ሰዎች ይህን ሒሳብ ሠርተውት አያውቁም። በሌላ በኩል ደግሞ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችን አለ። ደገኛው ክርስቲያን እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመደውን አያገባም። የአጎት ልጅ በሚጋባበት አገር ምልክቱ በዘመድ መካከል እየተደጋገመ ስለሚመጣ ከወንድም ባይገኝ ከአጎት ልጅ የመገኘት ተስፋ አለ። ለእኛ ከወንድምና ከእኅት ከዘለለ ዘመድም ብዙውን ጊዜ እንደ ባዳ ነው ማለት ነው። ይህን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም፤ ከሌላ ብዙ በሽታ ጠብቆናል።

ከቤት ሲጠፋ ከባዕድ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሸርሊ ኖላን የተባለች እናት ለትንሽ ልጇ ለአንቶኒ መቅኔ ስታጣ፣ ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን ስምና ምልክት የሚይዝ መዝገብ ለንደን ላይ አቋቋመች። አንቶኒ ሳይገኝለት በሰባት ዓመቱ ሞተ። መዝገቡ ግን ዛሬም በስሙ አለ፤ በምሳሌውም ብዙ አገሮች የየራሳቸውን ከፈቱ። ሆኖም መዝገብ የሚረዳው በመዝገቡ ውስጥ የሚመስልህ ሰው ካለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ ሕመምተኞች ፍጹም የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድላቸው 75 በመቶ ሲሆን የጥቁሮች ዕድል ከ16 እስከ 19 በመቶ እንደሆነ አሳየ። ምክንያቱ የተመዘገበው ሰው ማነስ ብቻ አይደለም። የሰው ዘር መነሻ አፍሪካ ስለሆነች የዘረ መል ዓይነት እንደ እሷ የበዛበት ክፍለ ዓለም የለም። የሰው ልጅ እናት መሆናችን እዚህ ላይ ዕዳ ሆኖ መጣብን።

ታዲያ የጎንደር ሰው መሳዩን ወዴት ይፈልግ? ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚያያዝ፣ ከመቅኔ በፊት በደም የሆነ ታሪክ አለ።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ወለቃ፣ ራቅ ብሎም አምቦበር ይገኛሉ። የቤተ እስራኤል አገር ነበሩ። እኛ «ፈላሻ» ስንላቸው የኖርናቸው ሰዎች ናቸው። በታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው ስላወጁ፣ መሬት አልባ ሆነው በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በግንበኝነት ኖሩ። ለጎንደር ቤተ መንግሥቶች የእጃቸው ሙያ እንደዋለ ይነገራል። ማረሻውን ከእጃቸው የሚቀበለው ገበሬ ማታ ማታ «ቡዳ ናቸው፤ ሰው ይበላሉ» እያለ ልጁን ያስፈራራባቸው ነበር። እነሱም በበኩላቸው «አትንኩኝ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። እንዲህ ሲተፋፈሩና ሲፈራሩ፣ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ መቶ ዓመታት አለፉ።

እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ ሰባትና ስምንት ሺህ የሚሆኑት በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ወደ ሱዳን ሲጓዙና በመጠለያ ሳሉ ያለቁት በሺህ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። እዚያም ዜጋ ሆኑ፣ ወታደር ሆኑ፤ እንደማንኛውም ዜጋ ደም ለገሱ።

ጥር 15 ቀን 1988 ዓ.ም. ማአሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ ገመናውን ገለጠው። የደም ባንኩ የኢትዮጵያውያኑን ደም በክብር ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ከሸኛቸው በኋላ ለዓመታት በድብቅ ሲደፋው ኖሯል። ጎንደር በፋሲል መዋኛ የዘንድሮ ጥምቀቷን ካከበረች ገና አራተኛ ቀኗ ነበር። በተከታዩ እሑድ፣ ጥር 19 ቀን፣ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ። ዝምተኛና ትዕግሥተኛ ይባሉ የነበሩት ሰዎች ድንጋይ አነሡ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጋዝና በውኃ መለሰላቸው። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ቆሰለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ።

የጤና ሚኒስቴሩ መከራከሪያ ኤች አይ ቪ ነበር። ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል የቫይረሱ ሥርጭት ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የዘመኑ ምርመራም በቅርቡ የተያዘን ሰው አይለይም አሉ። ሐቀኛ ለመሆን፣ ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በ1980ዎቹ በፈረንሳይና በሌሎችም አገሮች በተበከለ ደም ብዙ ሰው አልቋል፤ የደም ባንክ ኃላፊ መፍራት ግዴታው ነው። ግን ሥጋቱን ለባለቤቱ ነግሮ «አትለግስ» ማለትና ክንዱን አስወግቶ ጓሮ መድፋት አንድ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ያስለቀሳቸው ይህ ነው እንጂ ቫይረሱ አይደለም። በደጋው ላይ «ሰው በሎች» ተብለው የተፈሩ ሰዎች፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሲጸልዩላት በኖሩባት ከተማ ደማቸው ተፈርቶ ተደፋ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በእስራኤል ፓርላማ ውስጥ ደም ሲለገስ፣ የምክር ቤት አባል ፕኒና ታመኖ ሻታ ክንዷን ልትሰጥ ቀረበች። ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የሄደች ናት። በደንቡ መሠረት ኢትዮጵያ የተወለደ ደም አይወሰድም ተባለች። ክርክሩ በፊልም ተቀርጾ አገር ምድሩን አዳረሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደንቡ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እሷ ራሷ የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች።

መቅኔ እዚህ ላይ ይገባል። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተ ኤዘር ሚጽዮን የሚባል የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል። ወጣቶች ለውትድርና ሲመዘገቡ ፈቃደኛ ከሆኑ ናሙና ይሰጣሉ፤ ከወለቃና ከአምቦበር የሄዱት ሰዎች ልጆችም ወታደሮች ናቸው። የዘረ መል ጥናቶች ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን በደም ከሌላው ዓለም አይሁድ ይልቅ ለቀድሞ ጎረቤቶቻቸው፣ ለአማራውና ለትግሬው፣ እንደሚቀርቡ አሳይተዋል። እንግዲህ አጥንት የምንቆጥረው እኛ የማናገባቸው፣ አብረናቸው የማንበላቸው ሰዎች፣ አጥንታቸው የኛው ኖሯል። በፒያሳዋ መኪና ላይ ፎቶግራፉ የተወጠረው ልጅ በዓለም መዝገብ ውስጥ የሚመስለው ሰው ቢፈለግ፣ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ እስራኤል ናት ብል ከስሌት እንጂ ከምኞት የተነሣሁ አይመስለኝም።

ለጋሽ ከመፈለጉ በፊት ግን በሽታው መታወቅ አለበት። በዚህ ረገድ ጎንደር ከብዙ ከተማ ትሻላለች። የሕክምና ታሪኳ የተጀመረው በእልቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወረደው ወባ ሰባት ሺህ የሚያህል ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በዓመቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተባት። እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረች። የመቅኔ መርፌም ለሆስፒታሏ ብርቅ አይደለም። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት የደጋ ልጆች ካላ አዛር ይዟቸው፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ከስተው ይመለሳሉ፤ ተውሳኩ የሚፈለገው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ በሚቀዳ ናሙና ነው። ጣፊያ የሚያሳብጥ የደም ካንሰርም አለ። ያው መርፌ፣ ያው ማይክሮስኮፕ፤ አንዱ ተውሳክ ሲፈልግ ሌላው ካንሰር ያገኛል።

የከፋው ብርቅዬው ዓይነት ነው። ብላስቲክ ፕላዝማሳይቶይድ ዴንድሪቲክ ሴል ኒዮፕላዝም የሚባል አለ፤ ስሙን እንኳ ለመጥራት ትንፋሽ ይጠይቃል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከመቶ የደም ካንሰር አንዱን እንኳ አይሞላም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቆዳ ላይ ነው፤ የበለዘ የሚመስል፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጠባሳ ወይም እብጠት ይወጣል፤ አያምም፣ አያሳክክም። ቁንጭር በሚታወቅበት ደጋ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም፤ ጠበሉም፣ የባህል መድኃኒቱም፣ ቅባቱም በተራ ይሞከራል። በዚህ መካከል በሽታው መቅኔ ይገባል። ከሌላው ለመለየትም የሕዋሱን ገጽ በልዩ ቀለም የሚያነብ ምርመራ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ታግራክሶፈስፕ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶለታል። ሆኖም መድኃኒቱ በሽታውን ያስተኛዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይነቅለውም፤ ሰውነቱ ለቻለ ሕመምተኛ የረጅም ዕድሜ ተስፋ አሁንም በሽታው እንደተኛ ፈጥኖ መቅኔ መተካት ነው። ፈጥኖ የምትለዋ ቃል ናት ሽራ ወጥሮ ገንዘብ ከሚለምን ቤተሰብ ጋር የማትስማማው።

ደግ ዜናም አለ። ሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር በአንድ ወቅት ያለ መቅኔ ንቅለ ተከላ አይድንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢማቲኒብ የሚባል እንክብል መጣ። መድኃኒቱ በእርዳታ ፕሮግራም በኩል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነጻ ሲሰጥ፣ መቅኔ ሊተከልላቸው የማይታሰብ ሰዎች በየቀኑ እንክብል እየዋጡ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። አንዳንድ ጊዜ ድኻ አገር ዋናውን መንገድ ሳያገኝ አቋራጩ ይደርሰዋል።

ሁለተኛው አቋራጭ ከባልቲሞር፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ መጣ። ፍጹም የሚገጥም ለጋሽ የግድ አይደለም፤ ግማሹ የገጠመ ይበቃል አሉ። ከተተከለ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ መድኃኒት ቢሰጥ፣ ባለቤቱን ለመውጋት የሚነሡት እንግዳ ሕዋሳት ይመታሉ፤ ግንደ ሕዋሳቱ ግን ይተርፋሉ። ሳይክሎፎስፋማይድ አዲስ አይደለም፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ በእኛም አገር ለሌላ ካንሰር የሚሰጥ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። እናት ሁልጊዜ ግማሽ ትገጥማለች። አባትም፣ ልጅም እንዲሁ። ወንድምና እኅት ከሁለት አንድ ጊዜ። በመዝገብ ውስጥ የሚመስለው ሰው ለሌለው አፍሪካዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቀሪው ነገር ጀርም የማይገባበት ክፍል፣ ሠልጥኖ የቆየ ነርስ፣ ሌት ተቀን የማይቋረጥ ደም ነው፤ ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ቤኒን ከተማ ላይ ጀምራዋለች፤ ታንዛኒያም በዳሬ ሰላም ተከትላለች። የኛ ሕመምተኞች ደግሞ ለዚሁ ሕክምና ወደ ሕንድ ሲሄዱ ኖረዋል።

የዚያን ቀን ከፒያሳ ስነሣ መኪናዋ ዞራ ተመልሳ መጣች። የልጅቷ ድምፅ ሰልሏል። የጨረስኩትን ቡና ከፍዬ ወርጄ የበኩሌን ጣል አደረግሁና ለልጁ ምኑ እንደሆነች ጠየቅኋት።

«እኅቱ ነኝ» አለችኝ። «የእናትም የአባትም።»

ያኔ የማላውቀው ነገር ስለነበረ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኋትም።